የጎፈር ጉልበት

ታኅሣሥ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጎፈርን ሰበሩት።

ከሮቢት ስመለስ ቦዩ ዳር ተኝቶ አገኘሁት። ሲያየኝ ለመነሳት ሞከረ፤ የኋላ ቀኝ እግሩ ተጣጥፎ ጣለው። እንደገና ተነሳ፣ እንደገና ወደቀ። ጉልበቱ አብጦ የሕፃን ጭንቅላት አክሏል። በሁለት እግሩ ሲቆም ደረቴ ላይ የሚደርስ ውሻ እንደ ቡችላ ሲያለቅስ ሰምቼ አላውቅም።

የመታው ዳዊት ነው፤ የሚስቴ የየሻረግ ታናሽ ወንድም። የእሱም የእኔም ሽንኩርት ከአንድ ቦይ ነው የሚጠጣው። ዛሬ ተራው የእኔ ነበር። እኔ አለመኖሬን አይቶ ውሃውን ወደ ራሱ ሊመልስ መጣ፣ ጎፈር ሱሪውን ያዘው፣ እሱም በአካፋ ጉልበቱን መታው። ከሰው አልሰማሁም። ራሱ ማሳው መሃል ቆሞ ነገረኝ።

«ውሻህ ሰው አይለይም» አለ።

«ከቡችላነቱ ጀምሮ ያውቅሃል» አልኩት።

«እንግዲያው አውቆ ነው የነከሰኝ።» ሳቀ።

ይህን ደብተር የያዝኩት መድኃኒት የረጨሁበትን፣ ውሃ ያጠጣሁበትን ለመመዝገብ ነበር። ዛሬ ስለ ሽንኩርት የምጽፈው የለኝም።

አልተቆጣሁም። ተቆጥቼ ቢሆን ኖሮ እዚያው አካፋው በእጁ እያለ እገጥመው ነበር።

ታኅሣሥ 4

በጋሪ ጭነን ቆቦ ወሰድነው። እንስሳት ሐኪሙ ሙህዲን ውሻ ሲያክም የሚለብሰው ለብቻ የተሰቀለ ጋዋን አለው፤ ለሶላት የሚቆምበት ልብስ በምራቅ እንዳይነካበት። አፉን በገመድ አሰርን፣ አራት ሆነን ያዝነው። ሙህዲን ጭኑን በአንድ እጁ ጨብጦ ቅልጥሙን በሌላው ሲገፋው አጥንቱ ከቦታው ወደ ፊት ተንሸራተተ። እንደ ላላ መሳቢያ። ጎፈር አፉ ታስሮም ጮኸ፤ ድምፁ በአፍንጫው ነው የወጣው።

«ጅማቱ ተበጥሷል፤ የጉልበቱ ሎሚም ተሰንጥቋል» አለ ሙህዲን። «ትንሽ ውሻ ቢሆን በጊዜ ብዛት እያነከሰም ይረግጥበት ነበር። ይሄ ግን ከባድ ነው። ሸክሙን ሁሉ በግራው ላይ ይጥላል፣ ቆይቶ ግራውም ይበጠሳል። ያኔ አይነሳም።»

«መድኃኒቱስ?»

«ቀዶ ጥገና። አዲስ አበባ የግል ክሊኒክ የሚሠራ አብሮኝ የተማረ ልጅ አለ። አጥንቱን ቆርጦ በብረትና በብሎን ያስተካክለዋል።» ስልክ ደወለለት። ሰማንያ ሺህ ብር፣ ከመኪናው ሌላ።

ሙህዲን ፊቴን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔ እዚህ ማድረግ የምችለው እግሩን ከላይ ቆርጦ ማውጣት ነው። በሦስት እግር ደህና የሚኖሩ አሉ። አለዚያ ደግሞ መርፌ አለ፤ ሳይሰማው ያንቀላፋል። የፈለግኸውን ምረጥ፣ ግን ብዙ አትቆይ።»

ጎፈርን በሦስት እግር ዳዊት ፊት አላቆመውም አልኩ። በሆዴ ያልኩት መስሎኝ ነበር፤ ሙህዲን ግን ቀና ብሎ አየኝ።

ታኅሣሥ 6

ሰንጋውን እሸጠዋለሁ አልኳት። የሻረግ ሽንኩርት እየላጠች ነበር፤ ቢላዋውን አስቀመጠች።

«ለውሻ?»

«ለጎፈር።»

«ፈንታው፣ በሞቴ፣ ሰው ምን ይለናል? መንደሩ መድኃኒት መግዣ አጥቶ ተኝቶ እየሞተ አንተ ለውሻ ጉልበት ሰንጋ ልትሸጥ? መርፌውን ይውጋውና ይረፍ። እሱም ይረፍ፣ አንተም እረፍ።»

ጀርባዬን ሰጠኋት። እሷ ግን አልተወችኝም።

«ናትናኤል ያመጣው ስለሆነ ነው። አውቃለሁ። ውሻውን ብታድነው ልጁ አይመጣልህም።»

ከቤት ወጣሁ።

እውነት ነው፣ ልጃችን ናትናኤል ነው ያመጣው። የከባድ መኪና ሹፌር ሰጥቶት በብስኩት ካርቶን ይዞት ገባ። ያኔ መዳፍ አያክልም ነበር። አንድ ወር ሳይሞላ ጦርነቱ ቆቦ ደረሰ፤ ናትናኤልና ዳዊት አብረው ወጡ። ዳዊት ተመለሰ። ስለዚያ የምጽፈው የለኝም። ተነጋግረን ጨርሰናል፤ እግዜር ያመጣውን ሰው አይመልሰውም።

የማወራው ስለ ውሻ ጉልበት ነው።

ታኅሣሥ 10

ጎብዬ ገበያ። የሰንጋ ዋጋ ለማጣራት ነው የሄድኩት። ሻይ ቤት ከኋላዬ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች፦

«ፈንታው ለውሻው ጉልበት ሊያሠራ ነው አሉ።»

«በብረት?»

«በብረት። ከዚያ ሱሪ ያሰፋለታል።»

ሳቁ። ዞር ብዬ ብርጭቆውን ወረወርኩ። ለማስደንገጥ ነበር፤ የአንዱን ቅንድብ ቀደደው። ደሙ ሸሚዙ ላይ ወረደ። የሻይ ቤቱ ባለቤት ስትጮህ ከፍያት ወጣሁ። ለየሻረግ አልነገርኳትም፤ ማታ ግን አውቃ ጠበቀችኝ። ወሬ ከባጃጅ ይቀድማል።

ታኅሣሥ 12

ዳዊት ቤት ሄድኩ። በሰላም ነው የሄድኩት። ግማሹን እንኳ ክፈል አልኩት።

ልጁ ሚኪያስ በር ላይ ተደግፎ ይሰማል። ትልቅ ሆኗል፣ ጢም አብቅሏል። ከናትናኤል በሁለት ዓመት ነው የሚያንሰው።

ዛሬ ዳዊት አልሳቀም። «ለውሻ አልከፍልም» አለ። «ሌላ የምትፈልገው ነገር ካለ ግን ፊት ለፊት ጠይቀኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ በጎን እያየኸኝ ነው።»

«የምጠይቅህ ስለ ጉልበቱ ነው።»

«ስለ ጉልበቱ ብቻ?»

«ስለ ጉልበቱ ብቻ።»

ተነስቼ ወጣሁ። ሚኪያስ እንዳልፍ መንገድ ለቀቀልኝ፣ «ደህና ዋል ጋሼ» አለኝ። ልጅ አሳድጓል፤ መካድ አይቻልም።

ታኅሣሥ 15

ጅብ ገባ። ገና ሳይጨልም፣ ሰማዩ ቀይ እንደሆነ። ሌላ ጊዜ ጎፈር ከደጃችን ግራር አጠገብ አያሳልፈውም ነበር። ጥጃዋን ከኋላዋ ይዞ ጎተታት። ጎፈር በሦስት እግሩ ተወርውሮ ሄደ፤ የተሰበረው ሲነካው ተገለበጠ፣ እየተጎተተም ሄደ። ጅቡ ጥጃዋን ለቆ ወደ እሱ ዞረ፣ ትከሻውን ነከሰው። ጠመንጃውን እስካመጣ ሁለቱ አቧራ ውስጥ ይንከባለሉ ነበር፤ ጎፈርን እንዳልመታ ፈርቼ አልተኮስኩም። በሰደፉ ነው የመታሁት። አናቱን። ወደቀ፣ ደገምኩት። መንቀሳቀሱን ካቆመ በኋላም ደገምኩት። የሻረግ ከኋላዬ «በቃ! በቃ ፈንታው! ሞቷል!» ትላለች። አልሰማሁም፣ ወይም ሰምቼ ነው።

ሰደፉ ተሰንጥቋል።

ጥጃዋ አልተረፈችም። የጎፈር ትከሻ ላይ አመድና ጨው አደረግንበት። ጉልበቱን አይቼ ደግሞ ዳዊት ትዝ አለኝ። ጥጃዋም በእሱ ሰበብ ነው የሞተችው ማለት ነው።

ታኅሣሥ 17

ኡሙሃኒ ሰንጋውን የሚገዛ ልኳንዳ ቤት አገኘችልኝ፤ ከገብርኤል ማግስት ይወስደዋል። ኡሙሃኒ ቆቦ ላይ እህል የምትነግድ፣ ማሽላዬን ስንት ዓመት የገዛችኝ ሴት ናት። አልሳቀችብኝም። «ነፍስ ነው፤ አላህ የፈጠረው ነው» ብቻ አለች። የሲኖትራክ ሹፌርም ጎፈርን ከኋላ ጭኖ አዲስ አበባ ሊያደርስልኝ ተስማምቷል፤ ግን መንገዱ ተዘግቷል ይላሉ። ወልድያ ጋ ተኩስ አለ። ሲከፈት እንሄዳለን።

የሻረግ የመቆፈሪያውን ዲጂኖ ለምን አልጋ ሥር እንዳደረግኩት ጠየቀችኝ። ለሌባ ነው አልኳት።

የሚቀጥለው የዳዊት ውሃ ተራ ከገብርኤል ሁለት ቀን በኋላ ንጋት ላይ ነው።

ታኅሣሥ 20

መንገዱ አልተከፈተም። ሰንጋው ተሸጠ፣ ብሩ ኡሙሃኒ ዘንድ ተቀመጠ። ጎፈር ዛሬ አልበላም። ግራ እግሩም ሲቆም ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሙህዲን ደውሎ «አሁንም መቁረጥ ይቻላል» አለ። አይሆንም አልኩት።

ታኅሣሥ 21

መታሁት።

ላየው ብቻ ነበር የሄድኩት።

ታኅሣሥ 22

ኡሙሃኒ መጋዘን ውስጥ ነኝ፤ ከማሽላ ጆንያ ጀርባ። ቀስ ብዬ ልጻፈው። ጊዜ አለኝ።

ንጋት ላይ ነው። ዳዊት ቦዩ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ጭቃውን ይጠርግ ነበር። ሰላም ብዬው ቢሆን ሰላም ይለኝ ነበር። ቀና ሲል ዲጂኖውን አየ፤ ፊቴን አላየም። «ፈንታው፣ ተው» አለ። ቀኝ ጉልበቱን መታሁት። ድምፁ ደረቅ አገዳ ሲሰበር የሚሰማ ዓይነት ነው። ውሃው ውስጥ ወደቀ። ላውጣው ብዬ ጎንበስ ያልኩ መስሎኝ ነበር፤ እጄ ግን ዲጂኖውን አልለቀቀም፣ ዳግመኛ እዚያው ላይ መታሁት። አልጮኸም። ጭቃ ጨብጦ ዓይን ዓይኔን ያየኝ ነበር።

«አሁን እኩል ነን?» አለኝ።

ምን እንዳልኩት አላስታውስም። ያልኩት የውሻ ስም አይመስለኝም።

ስትጮህ የሰማኋት የሻረግን ነው። ከቤት እየሮጠች መጣች፤ ወደ እኔ አልመጣችም። ቦዩ ውስጥ ገብታ የወንድሟን ጭንቅላት ከውሃ ላይ አነሳች። እናታቸው ስትሞት እሷ ናት ጡቷን ካልጠባ በቀር ያሳደገችው። «ሂድ ከዚህ!» አለችኝ። «ሚኪያስ ሳይደርስ ሂድ!»

ዲጂኖውን እዚያው ጥዬ ሮጥኩ። ጎፈር ከደጃፉ ሊከተለኝ ተንፏቀቀ፤ ዞር አላልኩም።

ታኅሣሥ 24

ኡሙሃኒ ምግብ ይዛ ስትገባ ዓይኗ ቀልቷል።

«አብሽር» አለች መጀመሪያ። ይህን ስትል መጥፎ ወሬ እንዳላት አወቅሁ።

ሚኪያስ ከሁለት አጎቶቹ ልጆች ጋር መጥቶ ነበር። እኔን ሲያጡ የማሽላውን ክምር በእሳት ለኮሱት። ዓመቱን ሙሉ የለፋሁበት ነው፤ ጭሱ እስከ ቆቦ ታይቷል። ከዚያ ሚኪያስ «ነገሩ የመጣው በዚህ ነው» ብሎ ጎፈር ላይ ጠመንጃ አነሳ። የሻረግ ውሻው ላይ ተኛችበት። መርፌ ይውጋው ያለችው እሷ። በአካሏ ሸፈነችው፣ «እኔን ቀድመህ ግደለኝ» አለችው አክስቱ። አንዱ ጎተታት፤ አልለቅ ስትል ሚኪያስ በሰደፍ አፏን መታት። ሁለት ጥርሷ ወልቋል። ደሟን ሲያይ ልጁ ጠመንጃውን ወርውሮ ጭንቅላቱን ይዞ ተቀመጠ አሉ። ጎረቤት የደረሰው ያኔ ነው።

«ወጥቼ እገለዋለሁ» አልኩ።

ኡሙሃኒ በሩ ላይ ቆመች። አጭር ሴት ናት፣ ትከሻዬ ላይ አትደርስም። «ማንን? የሚስትህን ወንድም ልጅ? ከዚያ የሱ አጎቶች አንተን፣ ከዚያ የአንተ ወንድሞች እነሱን። ወላሂ ፈንታው፣ እኔ እህል የምሸጥለት ሰው አልቆብኛል። ተቀመጥ!»

ተቀመጥኩ።

ጥርሶቿ። የፊቶቹ ናቸው ወይ ብዬ ልጠይቃት ፈለግሁ፣ አልጠየቅሁም።

ታኅሣሥ 29

ዛሬ የገና በዓል ነው። ከጆንያ ጋር ዋልኩ። ከውጭ የሕዝቡ ድምፅ ይሰማል። የዳዊት ሎሚ ተፈረካክሷል፤ ደሴ ካልተወሰደና ካልተሠራ አይራመድም ብለዋል። እሱም ብር የለውም። እግሩ እየጠቆረ ነው አሉ።

ሰማንያ ሺህ ብር ሰምቼ የደነገጥኩት ለውሻ ነበር። ለሰው ደግሞ ስንት እንደሆነ ኡሙሃኒ ነገረችኝ። ያስቀመጥነው ብር ለአንዱ ይበቃል።

ጥር 6

ሽማግሌዎች ተቀመጡ። እኛ አገር ደም ሊፈስ ሲል ዘወልድ የሚባሉት አስታራቂዎች ናቸው የሚገቡት፤ ክርስቲያኑም እስላሙም አብሮ ይቀመጣል። ሰብሳቢው ሼህ ነጅሙዲን ነበሩ። ዳዊትን በቃሬዛ አምጥተው ከግራሩ ጥላ አስተኙት። የሻረግ ከሴቶቹ ጋር አፏን በነጠላ ሸፍና ተቀምጣለች። አላየችኝም።

ሼህ ነጅሙዲን ጠየቁኝ፦ «ልጄ ፈንታው፣ ምን ብለህ መታኸው?»

«ውሻዬን ሰበረብኝ።»

«ለውሻ ነው?»

«ለውሻ ነው፣ ሼህ።»

ረጅም ጊዜ አዩኝ። ሁሉም የሚያውቁት ነገር አለ፤ ማንም አላነሳውም፣ እኔም አላነሳሁትም።

ፈረዱ። ዳዊትን የማሳክመው እኔ ነኝ። ብሩን መላክ ብቻ አይበቃም፤ ደሴ ድረስ ተሸክሜው ሄጄ፣ አልጋው ሥር ተኝቼ አስታምመዋለሁ። እስኪራመድ ሽንኩርቱን የማጠጣው እኔ ነኝ። ጠመንጃዬ በሽማግሌ እጅ ይቀመጣል። ሚኪያስ የአክስቱን እግር ስሞ ይቅርታ ይለምናል፣ ለተቃጠለው ክምር ክረምት ሲገባ ማሳዬን ያርሳል።

«የጎፈር ጉልበትስ?» አልኩ።

ከኋላ የሳቀ ሰው ነበር። ሼህ ነጅሙዲን አልሳቁም። «ለውሻ ካሳ የምንቆርጥበት ሥርዓት ከአባቶቻችን አልደረሰንም። ቢሆንም የመታው እጅ አጥፍቷል። ዳዊት?»

«አጥፍቻለሁ» አለ ዳዊት ከቃሬዛው።

ሚኪያስ የየሻረግ እግር ላይ ወድቆ አለቀሰ። እጇን ጭንቅላቱ ላይ አደረገች። ነጠላዋ ሲንሸራተት አየሁ። የፊቶቹ ናቸው።

ጥር 8

ከመሄዴ በፊት ጎፈርን አየሁት። ከስቷል። ግራው አሁን እውነት ያቃተው ይመስላል። ለሙህዲን ደወልኩ፤ ቁረጠው አልኩት፣ በሦስት ይቁም። «ግራው ጤነኛ ከሆነ ነው የምቆርጠው» አለኝ። «ሄጄ አየዋለሁ።»

መንገዱ ተከፍቷል፤ መኪናው ጥሩምባ ይነፋል። ዳዊትን ከኋላ ወንበር አስተኝተነዋል።

ጥር 13

ደሴ። ብርድ። ተሠራ። ብረት ገብቶለታል። ሽንት የማስጥለው እኔ ነኝ። አንነጋገርም።

ጥር 16

ዛሬ ተናገረ።

ቁስሉን አጥበውለት ነርሷ ከሄደች በኋላ ነው። ማደንዘዣው ለቆት ላብ በላብ ሆኗል። ውሃ ስጠኝ አለ፣ ሰጠሁት። አልጠጣውም፣ ይዞት ቆየ።

«ናትናኤልን ተሸክሜው ነበር» አለ።

ብርጭቆውን ልቀበለው እጄን ዘርግቼ ነበር፤ እዚያው ቀረ።

«ሆዱን ነው የተመታው። ጠዋት ነው። ሌሎቹ አለፉን፣ እኔ ተሸከምኩት። ፀሐይዋ እስክትበረታ። ውሃ፣ ውሃ ይል ነበር። ከዚያ ከባድ መሣሪያ መውደቅ ጀመረ። ግራር ሥር አስተኛሁት። ውሃ ላመጣልህ ነው አልኩት። እሺ አጎቴ አለኝ።»

«ከዚያስ?»

«አልተመለስኩም።»

«ሞቶ ነበር?»

«አልነበረም።»

አጠገባችን ሌላ በሽተኛ ነበር፤ ዓይኑን ጨፍኖ የተኛ መሰለ።

«ሦስት ዓመት እስክትጠይቀኝ ጠበቅሁህ» አለ ዳዊት። «ዲጂኖውን ይዘህ ስትመጣ፣ በመጨረሻ መጣ አልኩ። ስትመታኝም የጠራኸው የእሱን ስም ነው። አንተ አልሰማኸውም?»

አንገቱን ላንቀው እችል ነበር። ነቅቶ የሚያየን አልነበረም፣ እግሩ ታስሯል። ትራሱ እጄ ላይ ነበር፤ ላስተካክልለት ነው ያነሳሁት። ለጥቂት ጊዜ ያዝኩት። ዓይኑን አልከደነም።

ከጭንቅላቱ ሥር መለስኩት። ወደ ኮሪደር ወጣሁ፣ ግድግዳውን በጡጫ መታሁት። ሁለት ጣቴ አብጧል። እየጻፍኩ ያለሁት በግራ እጄ ነው፤ ፊደሌ ለዚህ ነው የተጣመመው።

እሺ አጎቴ አለኝ ነው ያለው።

ጥር 24

ነገ እንመለሳለን። ዳዊት በክራንች ሁለት እርምጃ ሄደ። ይዤዋለሁ።

የሻረግ ደውላ «ምን ታወራላችሁ?» አለችኝ።

«ስለ ሽንኩርት» አልኳት።

«እኔም እንደዚያ ነው የጠበቅሁት» አለች። ድምፅዋ በጥርሷ መጥፋት ተለውጧል፤ ፊደል ያፏጭባታል።

የካቲት 1

ጎፈር አይነሳም። ግራውም ሄዷል፤ ሙህዲን በሌለሁበት መጥቶ አይቶት ለዚህ ነው ያልቆረጠው። ሽንቱ ውስጥ ተኝቶ ነው ያገኘሁት፤ የሻረግ በየቀኑ ታጥበው ነበር፣ ግን ከባድ ስለሆነ ብቻዋን አታገላብጠውም። ጎኑ ቆስሏል። ስገባ ጅራቱ መሬቱን መታ።

ሙህዲን ጋዋኑን ይዞ መጣ። ነካካው። «ቀድመን ቆርጠነው ቢሆን…» ብሎ ተወው። ጨዋ ሰው ነው፣ አልጨረሰውም።

እኔ ልጨርሰው። መጀመሪያውኑ አንድ እግሩን ማስቆረጥ ያድነው ነበር። ዳዊት ፊት በሦስት እግር አላቆመውም ብዬ ነው። ሰንጋውም ክምሩም ጥጃዋም ሄዱ፣ ሚስቴ ጥርሷን አጣች፣ ሰውዬው ጉልበቱን። ከሁሉም በኋላ ጎፈር የሚቆምበት እግር የለውም።

የካቲት 2

ዛሬ ጠዋት ነው። አፉን እንሰረው ሲል ሙህዲን፣ አይሆንም አልኩ። ጭንቅላቱን ጭኔ ላይ አደረግኩት። የሻረግ መጥታ ከጎኔ ቁጭ አለች፤ ከታኅሣሥ ወዲህ አጠገቤ ስትቀመጥ መጀመሪያዋ ነው። መርፌው ሲገባ ጥርሱን ገልጦ ክንዴን ያዘ። አልነከሰም፣ ያዘ ብቻ። መያዙ እየላላ ሄደ።

ከግራሩ ሥር ቆፈርን። የሻረግ አፈሩን በእጇ ስትመልስ፣ «ለልጁ ይህንንም አላደረግንለትም» አለች። ያኔ ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር። ምን ልበላት? ውሃ ጠየቀ፤ አጎቱ ላምጣልህ ብሎ ሄደ፤ እሺ አለ። ወንድሟ ነው። ጡቷን ካልጠባ በቀር ያሳደገችው።

ድንጋይ አመጣሁ።

የካቲት 9

የዳዊት ተራ ነው፣ የማጠጣው እኔ ነኝ። ሚኪያስ አባቱን ወንበር ላይ አስቀምጦት ትምህርት ቤት ሄደ። በፋሻ የተጠቀለለውን እግሩን ዘርግቶ ማሳው ዳር ተቀምጧል። ፀሐይዋ ከአሁኑ ትፋጃለች። ሽንኩርቱ ጠምቶታል፤ ጫፉ ቢጫ ሆኗል።

አካፋውን ይዤ ቦዩ አፍ ላይ ቆምኩ። ሁለታችን ብቻ ነን።

«ነገርካት?» አለ።

«አልነገርኳትም።»

«ልትነግራት ነው?»

እጄ አካፋውን ጠበቅ አድርጎ ያዘ። ደህናውን ጉልበቱን አየሁት፤ ግራውን። ሱሪው ተሰብስቦ ሎሚው ክብ ሆኖ ይታያል። አይቶኛል። እግሩን ግን አልሰበሰበም።

ጎንበስ ብዬ ጭቃውን ከቦዩ አፍ ጠረግሁ። ውሃውን ከፈትኩለት።